ከጫማ መደርደሪያ ሥር የተነሣው ጣውላ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለማንያዘዋል፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለው ወይ? እናታችንንስ ያ ጉንፋን ለቀቃቸው? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እኔም ልጄ ሺሪም ደኅና ነን፤ ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለን የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደር ተቀምጬ አሥራ አራት ዓመት ጠበቅሁ፣ አሁን ግን ስሜን ከተጠባባቂዎቹ መዝገብ አሰርዤ መተማ ለሥራ እሄዳለሁ ብለሃል። አንብቤ ሁለት ቀን ሙሉ ተናደድሁ። ስድብ ልጽፍልህ ተቀምጬ ነበር፤ እሱን ትቼ የሠራሁትን ልንገርህ።

እዚህ ጊቫት ኦልጋ ያለው የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤታችን ቀድሞ የዳንስ መማሪያ ስለነበር ወለሉ ፓርኬት፣ የተገጣጠመ ጣውላ ነው። ጫማችንን ደጃፉ ላይ አውልቀን እንሰግድበታለን። ለፋሲካ ጽዳት ቁልፉን ተቀበልሁና፣ እዚህ አገር የሴራሚክ ወለል እንደሚታጠበው፣ አሥር ባልዲ ውሃ ቸለስሁበት። ከበዓሉ በኋላ ጣውላው አብጦ ጠርዝ ጠርዙ ተነሥቷል፤ መስኮቱ ሥር፣ ሴቶች የምንሰግድበትማ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል። ከኢትዮጵያ ቀድመውን ከገቡት እናቶች አንዷ፣ ወይዘሮ ሸዋጌጥ፣ ኋላ የመጡት ሥርዓት አያውቁም ማለታቸውን ሰማሁ። አያቶቻችን የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ትተው ክርስትና ገብተው ስለነበር ይህን ቃል ለምጄዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። የኮሚቴው ሰው ሽመልስ ተነቅሎ ሴራሚክ ይነጠፍ አለ። እኔ ደግሞ ያበላሸሁትን እኔው አቃናለሁ ብዬ ቁልፉን አልሰጥም አልሁ።

ዩቫል የሚባል የፓርኬት ባለሙያ ለምኜ አመጣሁ። እርጥበቱን ለክቶ፣ ዛሬ ከፈገፈግሽው ሲደርቅ መሃል መሃሉ ይጎብጣል፣ ጠብቂ አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ጋን ሽሙኤል ካለው ሥራዬ ስመለስ መስኮት ከፍቼ፣ ማናፈሻ አዙሬ፣ ጣውላውን በእጄ ዳብሼ እሄድ ነበር። ሲደርቅ አብዛኛው በራሱ ጊዜ ተኛ።

የተሰነጠቁት ሃያ ሦስቱ ግን የሚድኑ አልነበሩም። እንደነሱ ያለ እንጨት ገበያ ላይ የለም፤ ያለው መግቢያው ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው ሥር ብቻ ነው። አንድ በአንድ በመሮ አነሣሁና አሮጌውን ኮላ ፍቄ መስኮቱ ሥር ገጠምኋቸው። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ይህን ሲያዩ ጫማ የቆመበት እንጨት ላይ ግንባሬን አላሳርፍም አሉ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። መዶሻዬን ጥዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።

የጸሎት ቤታችን ቄስ ዘምሩ ተጠሩ። ጎንበስ ብለው ጣውላውን ዳሰሱና ወደ ሰዉ ዞረው፣ "ከደጅ የተነሣ ለውስጥ አይሆንም ካላችሁ፣ ይህችን ልጅስ ምን ልትሏት ነው? ፈግፍጊው ልጄ፤ እኔ ቀድሜ እሰግድበታለሁ" አሉ።

ሦስት ቀን ከመፈግፈጊያው ማሽን ጋር ታገልሁ። በሻካራው የብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ በለስላሳው ጨረስሁ፤ ብናኙን ከኮላ ጋር ለውሼ ክፍተቱን ደፈንሁ። ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ ቀባሁ፣ አንዱ እስኪደርቅ ሌላውን ሳልነካ። ክንዴ ዛሬም በወጉ አይታጠፍም፤ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። ወለሉ የተከፈተ ዕለት ቄሱ እንዳሉት ከሁሉ ቀድመው ሰገዱበት። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ግን እስካሁን ሳይሰግዱ እዚያው ቆመው ነው የሚጸልዩት። ይቁሙ። እኔ በየቅዳሜው ከጎናቸው እየሄድሁ እሰግዳለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደሚሰለቸው እናያለን።

አንተም ስምህን እንዳታሰርዝ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ሂድና በመዝገቡ ላይ መኖሩን አረጋግጥ። መተማ እንደሆነ ዛሬም አለች ነገም አለች።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ልጅህን ኤስተርን ሁለት ጉንጯን። ባለቤትህን አለምወርቅን ደግሞ ሻንጣህን እንድትደብቅብህ አዝዣታለሁ፤ ይህንንም ንገርልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ወይዘሮ ሸዋጌጥን፣ የወንድሜ ሚስት ስትመጣ ከእርስዎ ጎን ትሰግዳለች አልኋቸው። እሳቸውም ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉና አንድ ሰው የሚያሰግድ ቦታ ለቀቁ።

እህትህ አማረች
ጊቫት ኦልጋ፣ ሐዴራ
ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.