ዋርካ በድስት ስባሪ

ሚያዝያ 12
ሙቀቱ አናት ይበሳል። ከችግኝ ጣቢያ አንድ የዋርካ ችግኝ ይዤ መጣሁ፤ ቁመቱ ከክንዴ አይበልጥም። ስልኬ ላይ አይቼ ነው… ቦንሳይ ይሉታል። ዛፉን ሳያሳድጉ ማስረጀት። ለምን አማረኝ? እንጃ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስሰፋ ውዬ የራሴ የምለው ነገር ቢኖረኝ ብዬ ይሆናል።

አባዬ አዩትና፣ "የት ልትተክይው ነው?" አሉ።

"በዚህ ድስት ስባሪ።"

"ዋርካ? ጥላው መንደር የሚያስቀምጥ ዛፍ?" ሳቁብኝ።

ሚያዝያ 14
ላስቲኩን ቀድጄ አፈሩን አራገፍኩ። ዋናውን ሥር ቆረጥኩት፣ ቀጫጭኖቹን ተውኩ። ጫፉንም ቀነጠብኩ። ከሮቢ ወንዝ ያመጣሁትን አሸዋ ከአፈር ቀላቅዬ ተከልኩትና ጥላ ስር አስቀመጥኩት። ቢደርቅስ?

ግንቦት 8
አልደረቀም! አዲስ ቅጠል አወጣ።

የጁነይድ ሽማግሌዎች ዛሬም እኔን ለትዳር ሊጠይቁ ከአጣዬ መጡ። ጁነይድ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች። እሺ እንደምል ያውቃል። አባዬ ግን "እንመካከርበት" ብለው ሸኟቸው። ከማን ጋር ነው የሚመካከሩት? እኔን እንደሆን አልጠየቁኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የመጣ ሁሉ በዚሁ ቃል ነው የተሸኘው። እኔ ከወጣሁ ማን ያያቸዋል… እሱ ነው ነገሩ።

ሰኔ 15
ከተቃጠለው ቬንትሌተር ሽቦ ፈትቼ ቅርንጫፎቹን እንዲጎብጡ ጠመጠምኩባቸው። ላላ አድርጌ፣ ልጡን እንዳይበላው። አባዬ ከአጠገቤ አልጠፋ አሉ።

"ሳሚያ፣ ምን በድሎሽ ነው የምታስሪው?"

"እንዲያምር ነው።"

"አላህን ፍሪ። ነፍስ ያለው ነገር እኮ ነው።"

ቀጣዩን ቅርንጫፍ ያዝኩ።

ሐምሌ 10
ሽማግሌዎቹ እንደገና መጡ። ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። "ዝናቡ ይለፍና" አሉ አባዬ። ዝናቡ ምን አገባው? ትልቁ ሽማግሌ ጫማቸውን ሲያጠልቁ፣ "እንግዲህ እኛም እግር አለን ብለን አንመላለስም" አሉ። ራት አልበላሁም።

ሐምሌ 13
ከገበያ ስመለስ ስባሪው ባዶ! አባዬ ሽቦውን በፒንሳ ቆራርጠው ዋርካዬን እናቴ መቃብር ራስጌ ተክለውታል። በእሾህም አጥረውታል።

"ለእናትሽ ሰደቃ ይሆናታል። ወፍ ፍሬውን ይበላል፣ መንገደኛ ይጠለልበታል። ታስሮ ሳየው እንቅልፍ እንቢ አለኝ።"

እንቅልፍ እንቢ አላቸው! ለዛፍ!

ያን ጊዜ አመለጠኝ። "ለዛፉ ያዘኑትን ለእኔ ቢያዝኑ ምን ነበር? እኔንስ ማን ይፍታኝ?"

አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ፒንሳውን አስቀመጡና ወደ መስጊድ ሄዱ።

ሐምሌ 20
አንነጋገርም። ሰላምታ ብቻ።

ነሐሴ 3
አባዬ በጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። የት? አልነገሩኝም። ለመግሪብ ተመለሱ፣ እግራቸው ጭቃ በጭቃ። ለካ አጣዬ ጁነይድ ዘንድ ደርሰው ነው። የሴት ልጅ አባት ጠያቂው ቤት ሄዶ! በአገራችን ተሰምቶም አያውቅም።

"ፈቅጃለሁ ልለው ነበር" አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። "ባለፈው ጁምዓ ኒካሕ አስሯል። ሌላ አግብቷል።"

ውሃ ሰጠኋቸው። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ነሐሴ 5
አባዬ ሌላ የዋርካ ችግኝ ይዘውልኝ መጡ። ሽቦም ገዝተዋል። "እንደፈለግሽ አድርጊው፣ አልናገርሽም" አሉ።

ካሳ መሆኑ ነው? ሽቦውን መለስኩላቸው።

"ደግሞ ሽማግሌ ከመጣ" አልኩ፣ "መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ።"

ሽቦውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። "እሺ" አሉ።

እሺ! ይቺ አንዲት ቃል… ግንቦት ላይ ከአፋቸው ብትወጣ ምን ነበረበት?