በሰዓት ዳኝነት ጃኬት ያዥ ስለ መደረጋችን

ለንጋት የጤና ስፖርት ማኅበር ሊቀመንበር ለተከበሩ ኦቦ ሞሲሳ
እና ለኮሚቴው አባላት በሙሉ
ባኬ ጃማ፣ ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ከክንድዎ የማይለየው ሰዓት ስለ ልብዎ ዘወትር ደግ ደጉን እንዲነግርዎ እጸልያለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ለማንም ነግሬ የማላውቀውን አንድ ነገር ልናገር። ባለቤቴን መምህር ገቢሳን ሐኪም በየማለዳው በእግርህ ተጓዝ ብሎት ነበር። ያስተውኩት እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን በሰፈራችን ጆንያ ሳይሸከም፣ ገበያ ሳይወጣ ወይም ለቅሶ ሳይደርስ ዝም ብሎ መንገድ ለመንገድ የሚሄድ ሰው አልነበረምና፣ «ላም ጠፍታበት ነው ወይስ አእምሮው ጠፍቶበት ነው ይሉሃል፤ ሰው ምን ይለናል» አልኩት። ሳቀና ጫማውን አወለቀ። ዓመቱን አልጨረሰም። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ የፈጣሪ ፈቃድ ነው ሲለኝ፣ እኔም አሜን እያልኩ ተቀበልኩ።

ማኅበርዎ ሲቋቋም ሴቶች ነጠላቸውን አደግድገው፣ ያለ አንዳች ጉዳይ፣ እየተሳሳቁ በዲጋ መንገድ ሲጓዙ ባየሁ ጊዜ፣ ገቢሳን የከለከልኩት ነገር ምን ያህል ቀላል እንደነበረ ገባኝ። በማግስቱ ተመዘገብኩ። ከዚያ ወዲህ እቤት መቀመጥ አልሆንልሽ ብሎኛል፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ በግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ስለዚህ ኮሚቴው ባለፈው ባወጣው መመሪያ፣ የልብ ምት በሚቆጥር መሣሪያ የታየ በቂ ካሎሪ ያላቃጠለች አባል «ተመልካች አባል» ተብላ መነሻው ላይ የሌሎችን ጃኬት ይዛ እንድትቆም ሲወስን፣ እኔንና ጎረቤቴን ወሰኔን ለዚህ ክብር ስላጨን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጃኬቶቹ ንጹሕ ናቸው። ሆኖም በምሥጋናዬ መካከል ጥቂት ቅሬታዎች ሾልከው ስለገቡብኝ በትሕትና አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መሣሪያው አመራረጥ። «እያንዳንዷ አባል የሚስማማትን ትምረጥ» ብላችሁ ነጻነት ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። እኔም ረዲ ሱቅ ሄጄ ሁለት ዓይነት አየሁ፤ አንዱ ሆዱ ላይ አረንጓዴ መብራት ያለው የእጅ ሰዓት፣ ሌላው ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ። ረዲ ነጋዴ ቢሆንም አልዋሸኝም፤ «አዴ ዓባይነሽ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ የእጁ ያምራል፣ የደረቱ ያውቃል» አለኝ። የሚያውቀውን መረጥኩ። ቀበቶው በውኃ ረጠብ ተደርጎ ከጡት ሥር ገላ ላይ የሚውል፣ ቁጥሩን ወደ ስልክ የሚልክ ነው። ኮሚቴው ግን «በዓይን ሊታይ በማይችል ቦታ የተቀመጠ መሣሪያ ተቀባይነት የለውም» ሲል ወሰነ። ይታይልን ብሎ ሳይጠይቅ በዚሁ ላበቃበት ጨዋነት ኮሚቴውን አመሰግናለሁ።

ወደ እጅ ሰዓቱ ተመለስኩ። እኔ ግን በልጅነቴ እናቴ ሁለቱንም የእጄን አንጓዎች በአምባር ቅርጽ አስነቅሳኛለች። ገቢሳ በተወልኝ መዝገበ ቃላት እየታገዝኩ በካርቶኑ ውስጥ የነበረችውን ወረቀት ሳነብ፣ መብራቱ ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም እየተመለከተ እንደሚቆጥርና ንቅሳት እንደሚጋርደው ተረዳሁ። ይህንኑ ለጸሐፊያችን ለኤባ ባስረዳው ሰዓቴን ነካ ነካ አድርጎ፣ «አዴ፣ ምን ላድርግ? በዚህ ሰዓት መሠረት እርስዎ የሉም» አለኝ። ዳገቱን ጨርሼ እያላበኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ዕድሜያችን። ሰዓቱ ካሎሪ የሚያሰላው የልብ ምትን ከዕድሜና ከክብደት ጋር አዳምሮ ነው። ኤባ ሥራ እንዲቀለን ብሎ የሁላችንንም የትውልድ ዓመት ከቀበሌ መታወቂያችን እየገለበጠ አስገባልን። መታወቂያችን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። በአንድ ማለዳ ሁላችንም ሰባት ስምንት ዓመት አረጀን። ከመካከላችን ደመቀች የምትባለው፣ «ስቀንስ የኖርኩትን ሁሉ ይሄ እርኩስ ሰዓት መለሰብኝ!» ብላ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ስለዚህ በየማለዳው የሚመዘገበው ካሎሪ የእኛ ሳይሆን የማናውቃቸው አሮጊቶች ነው። ይህን በቃል ባመለክት፣ «ስሕተቱ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ፍትሐዊ ነው» የሚል መልስ ከእርስዎ አግኝቻለሁ። እንዲህ ያለ ፍትሕ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም፤ ዕድሜ ይስጥዎ፤ ለእኛማ ሰጥተውናል።

ሦስተኛው ግን እንደ ሌሎቹ በቀልድ የሚያልፍልኝ አይደለም። ለሰላምታ በቆምን፣ ወሬ ይዘን በተጎተትን ቁጥር የሰዓቱ ቁጥር እንደሚወርድ ደርሳችሁበት፣ በጉዞ ላይ ማውራትና መቆም ከለከላችሁ። ከዲጋ በኩል ለገበያ የሚመጣው ሰው «አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ» እያለ እጁን ሲዘረጋ እኛ ራሳችንን ነቅንቀን እናልፋለን። አንድ ሽማግሌ በቅሏቸውን አቁመው፣ «እናንት ሴቶች፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?» ብለው ጠየቁን። የሚመልስላቸው አልተገኘም፤ ተከልክሏልና።

ወሰኔ ለደም ግፊቷ የምትወስደው ኪኒን ልብ እንዳይቸኩል የሚይዝ ነው። ዳገት ስትወጣም ልቧ እንደ ሌሎቻችን አይሮጥም። ሰዓቱ ይህን ስለማያውቅ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት አደረጋት። እሷም ቁጥሩን ለማስደሰት ከቀን ወደ ቀን እርምጃዋን አፈጠነች። ድሮ በዚያ ዳገት ላይ የወሰኔ ወሬ አያልቅም ነበር፤ የጎረቤቷን ዶሮ ክስ ብቻ ጀምራ ጫፍ ድረስ ታደርሰን ነበር። በወደቀችበት ዕለት ግን እንደ ሁላችንም ዝም ብላለች። ትንፋሿ ሲያልቅ ማንም አላወቀም፤ ዝምታዋን ከሌላው ዝምታ ምን ይለየዋል?

በወደቀች ጊዜ ከሁሉም ቀድመው የደረሱት እርስዎ ነዎት፤ ይህን አልክድም። እጇን አነሡ። የደም ሥሯን የሚዳብሱ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን ሰዓቱን አይተው፣ «ዕረፍት ላይ ናት ይላል» አሉን።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት፤ ተረፈች። ሲስተር ሌንሳ ነገሩን ከሰማች በኋላ ይህን ኪኒን ለሚወስድ ሰው የሰዓቱ ቁጥር መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ነገረችን። «በምንስ እንለካ?» ብላት፣ «በአፋችሁ ነዋ! እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ወሬው ካቃታችሁ ቀንሱ፤ ደረት ከያዛችሁ ቁሙና እኛ ጋ ኑ» አለች። ክቡር ሊቀመንበር፣ በማኅበራችን ውስጥ የነበረውን አንድ ትክክለኛ መሣሪያ ለይታችሁ አግኝታችሁ በመመሪያ ስለከለከላችሁት፣ ብልኅነታችሁን ከማድነቅ ሌላ ምን እላለሁ?

ወሰኔ ከሆስፒታል ስትመለስ ተመልካች አባል መሆኗን የሚገልጸው ወረቀታችሁ በር ላይ ጠበቃት። ከዚያ ወዲህ ደጅ አትወጣም። ሐኪሙ ቀስ ብለሽ ተራመጂ ቢላትም፣ «ተዪኝ እስቲ፤ በሰዓት ተመዝና የወደቀች እየተባልኩ በየት በኩል ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል?» ትለኛለች። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። የእኔ ነበር። ምን እንደሚያደርግም አይቻለሁ።

ስለዚህ መመሪያው እንዲሻር አልለምንም፤ ለመለመን ጊዜ የለኝም። የማሳውቀው፣ ከሰኞ ማለዳ ጀምሮ ጃኬት እንደማልይዝና ከዲጋ መንገድ በተቃራኒው በኡኬ መንገድ እንደምጓዝ ነው። በዚያ መንገድ ማውራት ይፈቀዳል፤ ሰላምታም ይመለሳል። ወሰኔ ገና እሺ አላለችኝም።

ኮሚቴው ለጤናችን ሲል ከጤናችን በቀር ሁሉንም ነገር በትጋት ስለቆጠረልን በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ መሰናበቻዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

በሰዓቱ መሠረት የሌለሁት፣
አክባሪዎ ዓባይነሽ

ከፊርማ በኋላ የታሰበኝ፦ የማኅበሩን ከፍተኛ ካሎሪ እርስዎ ያስመዘገቡት በጠቅላላ ጉባኤው ዕለት ደመቀችን ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲቆጧት እንደነበር ኤባ አጫውቶኛል፤ ሰዓቱ ቁጣን ከዳገት አይለይም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ እባክዎ ሰዓትዎን አያውልቁ። የዛሬውን ስፖርት በእኔ ወጪ ሠርተዋል።

ግልባጭ፦

ለረዲ ሱቅ፣ በሩ ላይ እንዲለጠፍ።

ለወሰኔ። ይህኛውን ራሴ ሰኞ ማለዳ በርሽ ላይ እሰጥሻለሁ፤ በኡኬ መንገድ እየተራመድሽ ጮክ ብለሽ ታነቢልኛለሽ። ዓረፍተ ነገሮቹን ያስረዘምኳቸው ለኦቦ ሞሲሳ ክብር እንዳይመስልሽ። ትንፋሽ ያጠረሽ ቦታ ላይ እንቆማለን፤ የሚመጣውንም ሰው እንዴት አደርክ እንለዋለን።