የእማዬ ድምፅ ያለበት ዲስክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

የሰርቨር ክፍሉ ማቀዝቀዣ ተሠራ ተባለ። ተሠራ እንጂ አልቀዘቀዘም። ጃኬቴን አውልቄ ዋልኩ።

ማታ አባዬ ያንኑ ጠየቀኝ። የእናትሽን ድምፅ መቼ ነው የምታሰሚኝ? እማዬ ሆስፒታል ተኝታ የላከችለት የድምፅ መልእክት ሁሉ ያለው በአሮጌው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ስልኮቹ ከተበላሹ ቆዩ። ዲስኩም ሲዞር መንቋቋት ጀምሯል። ሳይሞት ወደ አዲስ ልገልብጠው... ነገ ዛሬ እያልኩ ሙት ዓመቷ ደረሰ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሁለቱንም ዲስኮች ቢሮ ወስጄ የጠረጴዛዬ ማሽን ላይ ሰካኋቸው። ማሽኑ ለዲስኮች በተራ ስም ይሰጣል፤ አንደኛው የራሱ ነው፣ አሮጌው የሁለተኛውን ስም ያዘ፣ አዲሱ የሦስተኛውን። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ገልብጥ ብዬ አዝዤ ልወጣ ስል ጋሽ ኬብል ከኋላዬ ቆመዋል። የክፍላችን አንጋፋ ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን እሳቸውም የረሱት ይመስለኛል። «በተራ ስሙ አትጥሪው፤ በማይለወጠው መለያ ቁጥሩ ጥሪው» አሉኝ። ሳቅኩ። ለአንድ ቀን ሥራ?

ቤት ስገባ አባዬ ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ላስረዳው ሞከርኩ። ዲስኩ ራሱ በፋይል ስም ነው የሚጠራው። እነዚያ ስሞች ያሉበት ፎልደር ግን የትም ዲስክ ላይ አልተጻፈም። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሚሞሪው ውስጥ እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ የተሰካ ዕቃ ሲያገኝ ስም ያወጣለታል፣ ሲነቀል ስሙም ይጠፋል። ፋይሉ የራሱ የሆነ ነገር የለውም፤ ወደ ዕቃው ያሻግራል እንጂ።

ዕድሜውን ሁሉ አናጢ ነበር። «በር ነው በይኛ» አለኝ።

አዎ፣ በር ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ትናንት እኔ እንደወጣሁ መብራት ሄዶ ነበር አሉ። ግልበጣው ገና ሲጀምር ተቋርጧል። ማሽኑን አስነሳሁ፣ የትናንቱን ትዕዛዝ በቀስት ቁልፉ መልሼ ጠራሁ፣ ኢንተር ተጫንኩ። ሲገለብጥ ዋለ። ምሳዬንም በላሁ...

አሥር ሰዓት ላይ ስሞቹን አየሁ። አዲሱ ቀድሞ ነቅቶ የሁለተኛውን ስም ወስዷል። አሮጌው ሲነሳ ይዘገያል፤ ሦስተኛ ሆኗል። ባዶውን በእማዬ ላይ ገለበጥኩት።

ስም የሚሰጠው በአመጣጥ ተራ ነው። ይህን እኔ አላውቅም? እኔ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ጋሽ ኬብል ሥራቸውን ትተው መልእክቶቹን ለማዳን ሲሞክሩ ዋሉ። የመልእክቶቹ ዝርዝር አለ፣ ከነቀኑ። ረቡዕ መብራት ከመሄዱ በፊት ዝርዝሯ ብቻ ወደ አዲሱ ተገልብጣ ነበር። የመልእክቶቹ ውስጥ ግን ባዶ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ነግሬሽ ነበር ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ለአባዬ ነገርኩት። «ጠፋ አባዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ሻዩን አስቀመጠ። በሩስ አለ ወይ? አለኝ። አለ አልኩት። ራቱን ሳይበላ ተኛ።

ምነው በጮኸብኝ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ምንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

አሁን ማንኛውንም ዲስክ በመለያ ቁጥሩ ነው የምጠራው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሮጌውን አልጣልኩትም፤ ዛሬም ሰካሁት። ስም ተሰጠው፣ ነቀልኩት፣ ስሙ ጠፋ። ምን ፈልጌ እንደሆነ እንጃ።

ማታ አባዬ ቴሌቪዥኑን ዘጋና ዞር አለልኝ።

«ስትጠራኝ እንዴት ነበር የምትለው?»

ደነገጥኩ። ከእሱም እየጠፋች ነው ማለት ነው። ለካ እየደጋገመ ይጠይቀኝ የነበረው ለዚህ ነው።

እንደ እሷ ለማለት ሞከርኩ። «አንተ ሰው፣ መድኃኒትህን ወሰድክ?» በሽተኛዋ እሷ፣ ጠያቂዋም እሷ ነበረች።

ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ።

«አይደለም» አለ። «እንደሱ አልነበረም።»

ዓይኑን አልገለጠም።

«እስቲ ድገሚው።»