ለእናቴ፣ ስለ ታችኛው ማሳ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ ለወይዘሮ ሀብትነሽ፤ ሐዋሳ።

እምዬ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን በሐዋሳ ሙቀት ተሻለው ወይስ የልጅ ልጅዎ ሲያስነሣ ሲያስቀምጥዎ ባሰበት? አራሷ እህቴ አገሬስ በርትታ ተነሣች? ሕፃኑ ጡት በደንብ ይጠባል? እኛ ሰዉም ከብቱም መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን። ስልኩ አልሠራ ቢለኝ ይህን ወረቀት ወደ ሐዋሳ በሚወርድ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ።

ለጥናት የሰጡት ታችኛው ማሳዎ፣ ግማሹ ኖራ ተነስንሶበት ግማሹ ያለ ኖራ ስንዴ የተዘራበት፣ መስከረም ላይ ልባችንን ሰቅሎት ነበር። ከአዴት የምትመጣው ተመራማሪ ያምሮት፣ ሁልጊዜ በመኪና የምትመጣው ልጅ፣ ከጅጋ ከተማ በእግሯ ጭቃውን እያቦካች መጣች። ገና ሳትቀመጥ፣ ለጥናቱ ከውጭ አገር ይመጣ የነበረው ገንዘብ በድንገት መቆሙን ነገረችን። መኪናውም የማሳው ጠባቂም ቀሩ። ስንዴው ደርሶ ለየብቻ ካልተመዘነ ደግሞ የኮመጠጠው አፈራችን በኖራ መዳን አለመዳኑ አይታወቅም፤ የአምናው ልፋትም አብሮ ይቀራል። «ማሳው የእናንተ ነው፤ እንደ ፈለጋችሁ አድርጉት» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባቴን ያውቋቸዋል። መሬት ላይ ዱቄት ይነሰነሳል ወይ ብለው ከእርስዎ ጋር የተኳረፉበት ቀን አይረሳኝም። ብድግ ብለው ወጡ። በማግሥቱ ማለዳ በሬዎቹን ነድተው ወደ ታች ሲወርዱ ባያቸው፣ በቃ ስንዴውን ሊያስበሉት ነው ብዬ ሮጥኩ። ስደርስ በሬዎቹ ዳር ላይ ታስረው ይግጣሉ፤ አባቴ ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ቀና እንኳ ሳይሉ «ምን ቆመህ ታየኛለህ? የሚስቴን እህል አረም ይብላው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጠባቂውም እርሳቸው ሆኑ።

ጎረቤታችን እጅጉ «የይርሳው መሬት ቂጣ ሊጋግር ነው» እያለ በአባቴ ሲስቅ ከርሞ፣ በአጨዳው ቀን መጥቶ ስንዴውን ትክ ብሎ ያይ ጀመር። ኖራ ያገኘው ስንዴ ወገብ ይደርሳል፤ ያላገኘው ከጉልበት ሳያልፍ ቀጭጮ ቀርቷል። ሄዶ የእህል ሚዛኑን ተሸክሞ መጣና «በእኔ ሚዛን ካልተመዘነ አላምንም» አለ። ያምሮትም በራሷ ወጪ መጥታ ሁለቱን ለየብቻ መዘነች። እጅጉ አመነ። እንዲያውም ኖራ የሚገኘው ከየት ነው እያለ ሲጠይቃት ዋለ።

ውጤቱን ይዛ ያላንኳኳችው በር የለም። ባለፈው ሳምንት ገንዘብ ሊሰጥ ያሰበ አንድ ድርጅት የውጭ አገር እንግዶች ላከና ፍኖተ ሰላም ላይ በተደረገው ስብሰባ ገበሬም ይናገር ተባለ። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡና «መሬቴ የሞተች መስሎኝ ነበር፤ ኖራ አገኘኋት» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አስተርጓሚው ዱቄቱን ይበል በሕይወት መኖሯን ግራ ገብቶት ሲንተባተብ፣ ከእንግዶቹ አንዷ ምኑም ሳይገባት አብራን ሳቀች። ቆየት ብላ፣ ገንዘቡ ባይገኝስ ምን ታደርጋላችሁ ብላ ጠየቀቻቸው። አባቴም «እንዘራለን። ግን ለምን እንደማይበቅል ሳናውቅ እንዘራለን» አሉ። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

እምዬ፣ ድርጅቱ እሺ ብሎ ጥናቱ ሊቀጥል ነው! እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም፤ ቡሬ በኩል የነበሩት ማሳዎች ቀርተዋል፤ ያምሮት ስለ እነርሱ ስታነሣ ድምጿ ዝቅ ይላል። የእርስዎ ማሳ ግን አለ። አባቴም የላይኛውን ማሳ ጨምሩበት ብለዋል።

እህቴን አገሬን እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉልኝ። ባለቤቷን ደርበውን እጅ ነሥቻለሁ። ሕፃኑን ሁለቱንም ጉንጩን ይሳሙልኝ። ያምሮት ሰላም ብላለች፤ እጅጉም እንዲሁ። አባቴን ምን ልበልልዎት ብላቸው ግን «ለላይኛው ማሳ የእናትህ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ቶሎ ትምጣ ብለህ ጻፍ» ብቻ ነው ያሉኝ። ያምሮትን ብጠይቃት ፊርማ የሚባል ነገር የለም አለችኝ። እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።

ልጅዎ ገነነ ይርሳው
ጅጋ፣ ታኅሣሥ ፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.