ነጭ የሐር ክር

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? የናሶ ከተማ ጫጫታ ጆሮሽን አላደነቆረውም? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል፤ ታምሜያለሁ እንዳልልሽ ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ጀልባ ስገፋ ነው የዋልኩት። አባባ ሰላም ብሎሻል። በአፉ አላለም፣ ታውቂው የለ? ግን የፖስታ ጀልባዋ ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር ፊቱን ወደ ወደቡ ያዞራል። እኔ ያንን እንደ ሰላምታ ቆጥሬልሻለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ልንገርሽ፤ ካልተነፈስኩት እፈነዳለሁ። አክሊንስ ደሴት ላይ አዲስ የዓሣ አጥማጆች ማረፊያ ተከፍቷል፤ እንግዶቹን በጀልባ የሚመሩት ሰዎች አለቃ ሁኚልን ብለውኛል። አስቢው፣ እነዚያን ሁሉ ወንዶች የማዘው እኔ! የጀልባ እሽቅድምድሙ በዓል ሲያልቅ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለብኝ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣዋለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ። ምግብ ጀምሬ እተዋለሁ። ወደ ወደቡ እሄድና ለምን እንደሄድኩ ጠፍቶኝ እመለሳለሁ። አባባን ለማን ትቼው ልሂድ? አንድ ነገር እንዳልጽፍልሽ «በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ» ስላለኝ እሱን አልጽፍም። የምጽፍልሽ ስለ ዓሣ ማጥመጃው ዘንግ ነው።

አንድ የጥንት ደንበኛው ጥሬ ዘንግ ላከለት። ገመድ የሚያልፍበት ቀለበት የለው፣ እጀታ የለው፣ ከሦስት ቁራጭ የሚገጣጠም ጥቁር ልሙጥ ዘንግ ብቻ። አንቺ በሩን አላትመሽ ከወጣሽ ወዲህ አባባ ዘንግ ሠርቶ እንደማያውቅ አታውቂም ይሆናል። ያን ዕለት ጀልባውን ለአጎታችን ልጅ ለኮርኔል ሰጥቶ፣ «ሴት ልጅ ጀልባ ላይ ቆማ ዓሣ እዚያ ጋ አለ ብትል ማን ያምናታል?» አለሽ። በዚህ መንደር ከአንቺ በላይ የሚወረውር እንደሌለ እያወቀ። ኮርኔል ጀልባውን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ ከመጣ በኋላ ነው እኔን «ነይ ግፊ» ያለኝ። አንቺ ያለቀስሽበት ነገር ለእኔ ሳልጠይቀው መጣ። በዚህ ምክንያት ደብዳቤ ስጽፍልሽ ሁሌ እጄ ይከብደኛል።

አባባ መጀመሪያ የዘንጉን ጀርባ ፈለገ። ትዝ ይልሽ የለ፣ እያንዳንዱ ጥሬ ዘንግ ከሌላው የጠነከረ አንድ ጎን አለው፤ ቀለበቶቹ በዚያ ጎን ልክ ካልተሰለፉ ሲወረወር ይጠማዘዛል። ወፍራሙን ጫፍ መሬት አስደግፎ ቀጭኑን መዳፉ ላይ አሳረፈና መሐሉን ገፋ አድርጎ አጎበጠው። ዘንጉ በራሱ ጊዜ ተንከባለለና ጀርባው ላይ ተኛ። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «እዚህ ላይ ዓይን ሥራ የለውም፤ የሚያየው ጣት ነው» አለኝ። ድሮም ይህን ይል ነበር ትይኝ ይሆናል። ድሮ ግን ዓይኑን አይጨፍንም ነበር።

እጀታውን ሲቀርጽ ቡሹን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ «እስቲ እጅሽን አምጪ» አለኝ። ቀኜን ሰጠሁት። ዳበሰ ዳበሰና «አይ፣ ይሄ አይደለም» ብሎ ለቀቀኝ። ግራዬን ሰጠሁት። «ይሄም አይደለም፤ ግን ይቀርበዋል» አለና የአውራ ጣቱን ማረፊያ በግራ እጅ ልክ ጎድጎድ አደረገው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ሞኟ ዘንጉ የእኔ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ጠዋት ሻንጣዬን ወለል ላይ ትቼው በእግሩ ተደናቅፎበት ነበርና፣ ነገሩ ገብቶት መርቆ ሊሸኘኝ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ከዚያ የክሩ ነገር መጣ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ቀለበት የሚያስረው በሰማያዊ ክር ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ የእሱ ሥራ መሆኑን ደሴቱ በሙሉ ያውቃል። በዚህኛው ሥራ ግን ክሮቹን የምለይለት እኔ ነበርኩ። ነጩን ሐር አምጪ ሲለኝ የተሳሳተ መሰለኝና «አባባ፣ ነጭ እኮ ነው ያልከው» አልኩት። «እና ምን አልኩሽ? ነጭ!» ብሎ ጮኸብኝ። ውሃ ቅጂ ብሎ አስወጣኝ፤ ስመለስ ጠምጥሞ ጨርሷል፤ ጣቶቹ በወርቃማ ቀለም ተጨማልቀዋል።

ጎረቤታችን ጋሼ ኦባዳያ፣ ያ ጀልባ ሠሪው፣ የኮንክ ቀንድ አውጣ ሰላጣ ይዞ ብቅ አለ። ነጩን ክር ሲያይ ሳህኑን አስቀምጦ ሳቀ። «ምነው ሰውዬ፣ ጃጀህ እንዴ? ነጭ ሐር ቫርኒሽ ሲነካው እንደ ብርጭቆ ነው የሚሆነው! ሥሩ ያለው ጉድ ሁሉ ይታያል። ይሄንን ጀማሪ እንኳ አይሳሳተውም!» አለ። አባባ ቀና ሳይል፣ «አንተ ወሬህን ቫርኒሽ ቀባው፣ ምናልባት እሱም ይጠፋልሃል» አለው። ጋሼ ኦባዳያ ሲወጣ በሩ ላይ ክንዴን ይዞ፣ «አባትሽን አደራ» አለኝ። ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

ቫርኒሹን አንቺ ቀቢው አለኝ። እሱ ዘንጉን በቀስታ ያዞራል፣ እኔ እቀባለሁ። ከእጀታው በላይ ያለውን ክር ስነካው ነጩ ሟሟ፤ ከሥሩ የወርቅ ፊደላት ብቅ አሉ። እጄ ቀጥ አለ። አባባ ማዞሩን ሳያቆም «ታየ?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። «ምን ይላል? አንብቢልኝ። ቀጥ ብሏል?»

ቀጥ አላለም እትዬ። ፊደሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተዋል፣ መጨረሻው ወደ ታች ወርዷል። ግን ስምሽ ነው። የአንቺ ስም! ብሩሹን ወርውሬ ወጣሁና ጀልባዬን ይዤ ሄድኩ። እኔ አብሬው ኖሬ፣ እኔ ምግቡን አብስዬ፣ ፀሐይ እየጠበሰችኝ ጀልባውን ገፍቼ፣ እሱ የሚጽፈው ጥላው የሄደችውን ነው! ይህን ሁሉ ባሕሩ ዳር ለበቀለው የማንግሮቭ ዛፍ ጮኼ ነገርኩት። እየጮኽኩ ስሄድ ውሃው ሸሽቶ ጀልባዬ አሸዋ ላይ ቀረች፤ ውሃው እስኪመለስ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንቺን አልጠላሁሽም። ግን ቀናሁብሽ፣ ከልቤ ቀናሁብሽ።

ስመለስ አባባን ከተውኩት ቦታ ነው ያገኘሁት። ዘንጉን አሁንም ያዞራል። ካልዞረ ቫርኒሹ ወደ አንድ ጎን ይወርዳል፤ የቀባሁት እንዳይበላሽ ብሎ ያን ሁሉ ሰዓት በእጁ ሲያዞረው ቆይቷል። የእግሬን ኮቴ ሲሰማ «ጨርሰሽ አኮረፍሽ?» አለኝ። «ገና ነኝ» አልኩት። «እንግዲያው እያኮረፍሽም ቢሆን ቀጭኑን ጫፍ ቀቢው። እሱን ረስተሽዋል።»

ቀባሁት። የእኔ ስም ወጣ። ቦታው ጠቦት የመጨረሻው ፊደል ከክሩ ውጭ ቀርቷል፤ ከሩቅ ለሚያየው ጭረት ነው የሚመስለው። የመሐለኛው ቁራጭ ክር ግን የተለመደው ሰማያዊ ነው፤ ምንም ስም የለበትም። አባባ ጣቱን በላዩ እያስኬደ፣ «ይሄ የእኔ ነው። ያለ እኔ አትገጣጠሙም» አለና እንደ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወፍራሙን ለግራኟ ላኪላት። አንቺ ጫፉን ይዘሽ አክሊንስ ሂጂ። እዚህ ደሴት ላይ ወሬ የሚደበቅ መሰለሽ? እኔ ጉቶ አይደለሁም፣ ስለ እኔ ብለሽ እንዳትቀሪ» አለኝ። ነጭ ሐር ምን እንደሚሆን እኮ በዚህ ባሕር ዳርቻ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይቅርታ ከአፉ አልወጣ ቢለው ለቫርኒሹ ተወለት።

ዘንግሽን በሩዝ ጆንያ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታ ጀልባዋ ልኬልሻለሁ። ልጆችሽ ዱላ እንዳያደርጉት አደራ። ለበዓሉ ይዘሽው ነይ። የምለምንሽ ለአባባ ብቻ ብዬ አይደለም፤ እሱ ሂጂ ቢለኝም አንቺ ካልመጣሽ እኔ ከዚህ ንቅንቅ ማለት አልችልም። ናሶ ጥሩ ሐኪሞች አሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ስትመለሺ አባባን ይዘሽው ትሄጂ እንደሆነም አንቺ ታውቂያለሽ። ሦስቱን ቁራጭ እንገጣጥምና ጀልባዋን እኔ እገፋለሁ፣ አንቺ ከፊት ቆመሽ ትወረውሪያለሽ። አባባ መሐላችን ይቀመጣል። ምን ፈለግህ ብለው፣ «ግራኟ ስትወረውር ገመዱ አየር ላይ የሚያፏጨውን ልስማው» አለኝ። ልየው አላለም፣ እትዬ።

አልጽፍም ያልኩትን አልጻፍኩም።

ባሕሩ ይረጋልሽ፣ ነፋሱ ከጀርባሽ ይሁን። ልጆችሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ፤ እናታችን ካለችበት ሆና ትጠብቅሽ።

መንገድ መንገዱን የምታይ ታናሽ እህትሽ

ሳልረሳው፦ ወደቡ ላይ ስትወርጂ ቆሞ ታገኚዋለሽ። ከሩቅ እጅሽን አታውለብልቢለት። «አባባ» ብለሽ ጥሪው።