ቃሬዛውን ማን ያንሣ

ይድረስ ለበኩር ልጄ። እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ፣ ጉልበትህ፣ ያ የሚነዘንዝህ ወገብህስ እንዴት ነው? ምራቴ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርስ አበቀለች? እኔ ከዓይኔና ከጉልበቴ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ሙሉ ሰው ነኝ። እናትህ ግን አልጋ ከያዘች ሰነበተች።

ይህን የምትጽፍልኝ የመድኃኒት ቤቷ ሴት ናት። ያልኩትን እንዳለ እንጂ አሳምራ እንዳትጽፍ አስምያታለሁ።

ልጄ፣ የቀብር ማኅበራችን ፈረሰ። አንተ ሳትወለድ እኔና ከእናትህ ወገን የሆነው ቆርቆሮ መቺው ከጎረቤቶች ጋር ያቆምነው ማኅበር ነው። ሕጉን ታውቀዋለህ። የእኛ ወገን ሲሞት የእነሱ ሰዎች ይሸከማሉ፣ የእነሱ ሲሞት እኛ። ሐዘንተኛ ያልቅስ እንጂ አይሸከም ብለን ነበር። የጎረቤቱን ሬሳ በትከሻው የተሸከመ ሰው በማግስቱ በዚያ ቤት ላይ ድንጋይ ለመወርወር እጁ አይታዘዘውም። እኛ ያልተማርነው ሰዎች የገባን ይኸው ነበር።

አሁን ጎልማሶቹ በየቋንቋችን እንለይ አሉ። አንድ የሰላም ድርጅት መጥቶ አዳራሽ ተከራየና ስለ አብሮ መኖር አስተማረን፣ ቆብም አደለን። ሰዎቻችን ያንኑ ቆብ እንዳደረጉ ለመለያየት እጃቸውን አወጡ። የድርጅቱን ልጅ ግን አልንቃትም፤ ድምጿ እስኪዘጋ ቆማ ለመነች። እኔም ተነሥቼ ተናገርኩ። የእኛዎቹ አዲሱ ሊቀመንበር ጸጉር አስተካካዩ ነው። አባባ፣ እርስዎ በሚስትዎ ሁለት ቤት ነዎት፣ ይህ አይመለከትዎትም አለኝ። ዕድሜ ልኩን የሰው ራስ ሲላጭ ኖሮ ውስጡ ምን እንዳለ አንድ ቀን አላየም።

ዕቃው ሲከፈል አግዳሚ ወንበሩ እኩል ተከፈለ። ድንኳኑ ላይ ሲደርሱ አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ደረሱ። በመጨረሻ ማንም እንዳይበልጥ ብለው ሸራውን ለእነሱ፣ ምሰሶውን ለእኛ ሰጡ። በዚህ ተስማምተው ሲጨባበጡ በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ ቆርቆሮ መቺው ሞተ። ያ ከጣሳ መኪና እየሠራ ይሰጥህ የነበረው። መርዶውን በዚህ መንገድ መስማትህ ከፍቶኛል። የቀብሩ ቀን ዝናብ ወረደ። ዘመዶቹ ሸራውን በእጃቸው ከፍ አድርገው ያዙት፤ ክንዳቸው ሲዝል ውኃው ሁሉ ሚስቱ ላይ ፈሰሰ። እኔ ምሰሶ ላመጣ ሄድኩ። ጸጉር አስተካካዩ የማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ቆሞ፣ ዛሬ ምሰሶ ካዋስናቸው ነገ መጋዘኑን ይጠይቁናል አለኝ። ባዶ እጄን ተመልሼ እንደ ሕጋችን ትከሻዬን ቃሬዛው ሥር አስገባሁ። ከዘመዶቹ አንዱ እጄን ቀስ አድርጎ አነሣና፣ አባባ ይተዉት፣ የራሳችንን ራሳችን እንሸከማለን አለኝ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ እናትህ ማን ተሸከመው አለችኝ። የራሱ ሰዎች አልኳት። እኔስ የማን ነኝ አለች። የእሷ ወገን ወደ ባልሽ ሂጂ ብሏታል። የእኔ ወገን ሚስትህ የእኛ አይደለችም ብሎኛል። የእኔ ነሽ አልኳት። እሱንማ አውቃለሁ፣ ግን ብቻህን አታነሣኝም አለችኝ። ብርድ ልብሷን አስተካከልኩላት።

የመድኃኒት ቤቷ ሴት እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀምጣ፣ ይሄስ ይቅር ወይ አለችኝ። ጻፊው አልኳት።

እንግዲህ ብር አትላክልኝ፣ ራስህ ና። ቃሬዛ አራት ሰው ይፈልጋል። እኔና አንተ ሁለት ነን። የቀሩትን ሁለቱን ከየት እንደምናመጣ እኔ አባትህ አላውቅም።

ምራቴን ሰላም በልልኝ፤ አንተን ስለቻለች አመሰግናታለሁ። ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ። የማን ወገን ናት ብለው ቢጠይቁህ፣ የአያቷ ናት በላቸው። ታናሽ እህትህን ካገኘሃት ስለ እናቷ ቀስ ብለህ ንገራት፤ ልቧ እንደ እኔ ድንጋይ አይደለም። እናትህ ሁለት ጉንጭህን ትስማለች። ና ብለህ እንዳታስጨንቀው ብላኝ ነበር።

አባትህ
ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ካለው ቤታችን፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሐሙስ