ነገ እነግራታለሁ ያልሽው

ውድ ቀልጣፋ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ አንጀቴ እያረረ ነው የምጽፍልሽ። «ቀልጣፋ» የሚለውን ቅጽል ስምም ያወጣሁልሽ እኔ ነበርኩ። እኛ ግማሽ ቀን የምንደክምበትን ሥራ አንቺ በአንድ ሰዓት ጨርሰሽ ጓንትሽን ታወልቂያለሽ። እቀናብሽ ነበር።

እህቴ ከመሞቷ በፊት ከጉበቷ ዕጢ የተወሰደውን ሴል ላቦራቶሪያችን ሲረከብ አብረን ነበርን። ራሷ ናት የፈረመችው፤ «እኔን ባያድነኝ ሌላውን ያድን» ብላ። አመለኛ ሴሎች ነበሩ፤ አንድ ብልቃጥ ለመሙላት ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። «እንደ ባለቤታቸው ናቸው፣ ማን ያስቸኩላቸዋል» እያልሽ ታስቂኝ ነበር። እናቴ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ «እንዴት ሰነበተች?» ትለኛለች፤ ሴሎቹን ማለቷ ነው። «ደህና ናት፣ እማዬ» እላታለሁ።

አንድ ሰሞን ብልቃጡ በሦስት ቀን ይሞላ ጀመር። እህቴ የበረታች መስሎኝ በደስታ አቅፌሽ አለቀስኩ። አንቺ ጀርባዬን መታ መታ አደረግሽኝ። በሳምንቱ «ቦታ ጠበበን፤ በረዶ ውስጥ ለመጠባበቂያ ያስቀመጥናቸውን አሮጌዎቹን ጥለን በእነዚህ ብርቱዎች እንተካቸው» አልሽኝ። እሺ ብዬ በገዛ እጄ ጣልኳቸው። አለቃችን «የማንነት ምርመራ ይደረግላቸው» ሲሉም «የእህቴን ሴል እኔ አላውቀውም?» ብዬ የተቆጣሁት እኔው ነኝ። ይህን አልክድም።

ባለፈው ወር በእነዚህ ሴሎች የሠራነውን ጥናት የላክንለት መጽሔት ምርመራውን ግድ አለን። ዲ ኤን ኤው ከእህቴ ደም ጋር አልገጠመም። የወንድ ነው። ለሌላ ጥናት ጎን ለጎን እናሳድገው የነበረው፣ ያ ቶሎ ቶሎ የሚራባው ሴል ነው። ከእሱ አንዲት ጠብታ ወደ እህቴ ብልቃጥ ገብታ፣ እየተራባች የእህቴን ውጣ ጨርሳዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ «እህቴ» እያልኩ የመገብኩት የማላውቀውን ሰው ነበር።

ከዚያ ሥራ ስትለቂ ትተሽው የሄድሽውን የሥራ ደብተር ከመሳቢያ አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ሴል የየራሱ የምግብ ጠርሙስ፣ የየራሱ መምጠጫ እንደሚያስፈልግ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ብልቃጡ በሦስት ቀን መሙላት ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን እንዲህ ጽፈሻል፦ «ቸኩዬ ሁለቱንም ከአንድ ጠርሙስ መገብኩ፤ መምጠጫውንም አልቀየርኩም። ነገ እነግራታለሁ።» የሚቀጥለውን ገጽ ገለጥኩ፤ ስለ ጓንት ትዕዛዝ ነው የሚያወራው።

ስህተቱን ይቅር እልሽ ነበር፤ እኔስ ስንቱን አበላሽቻለሁ። ያቃጠለኝ አቅፌሽ ሳለቅስ ማወቅሽ ነው። አሮጌዎቹን ስታስጥይኝ ማወቅሽ ነው። ያኔ ብትነግሪኝ ከበረዶ አውጥቼ እንደገና አሳድጋቸው ነበር። አሁን የት ሄጄ ላምጣት?

እናቴ ገና አልሰማችም። ባለፈው እሁድም ጠየቀችኝ፤ ሳህን የማጥብ መስዬ «ደህና ናት» አልኳት።

የፊታችን እሁድ እናቴ ቤት ነይ። ያ ነገ ያልሽው ቀን እሱ ይሁን። በሩን እኔ እከፍትልሻለሁ፤ «እንዴት ሰነበተች?» ስትል ግን የምትመልሺላት አንቺ ነሽ።

የድሮ ባልደረባሽ